መዝገቡ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የተዘጋጀ)

 

ሰው ፊደል ቆጥሮ እርሳስ ሲጨብጥ በመጀመሪያ ሊጽፍ የሚጓጓው የገዛ ስሙን ነው። እናንተም ባለፉት ትምህርቶች ስማችሁን ጽፋችኋል። ጣትን በቀለም ነክሮ መፈረም የቀረላችሁም አላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስማችንን የምንጽፈው እኛ ብቻ አይደለንም፤ መንግሥትም ይጽፈዋል። የግብር ከፋይ መዝገብ አለ፤ የመራጮች መዝገብ አለ፤ የልደትና የጋብቻ መዝገብ አለ። በመዝገብ የሰፈረ ሰው ይጠራል፣ ይጠየቃል፣ እሱም በተራው ይጠይቃል። ያልሰፈረ ሰው አይጠራም፤ ሲጠይቅም "ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?" ይባላል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ከበድ ያለ መዝገብ ነው። አገር ጦርነት ቢገጥማት ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶች ስም የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። በዚህ መዝገብ ላይ የወንድ ልጅ ስም ብቻ ይጻፍ ወይስ የሴት ልጅም ስም ይጻፍ?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። በዚህ ጽሑፍ የምታገኟቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስንጠቅስ "ዓመተ ምሕረት" እንላለን።

እስቲ በምሳሌ እንጀምር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል። አንደኛዋ ቤተ እስራኤል ናት፤ ሁለተኛዋ ክርስቲያን። እሳት ሲጠፋባቸው ፍም የሚዋዋሱ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ የምታገነፋ ጎረቤታሞች። የመጀመሪያዋ በ1991 በአውሮፕላን ከተወሰዱት ጋር ወደ እስራኤል ሄደች። ሁለተኛዋ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ሁለቱም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጆቹም አደጉና አሥራ ስምንት ዓመት ሞላቸው።

በእስራኤል ባለው ቤት የወታደር መጥሪያ ለወንዱም ለሴቷም መጣ። በአሜሪካ ባለው ቤት ደግሞ ደብዳቤ መጣ፤ ግን ለወንዱ ብቻ። እናትየዋ ደብዳቤውን ታገላብጣለች። የመንግሥት ማኅተም አለበት። ማንበብ ካልቻለች ከቁም ሣጥን ላይ አኑራ ትረሳዋለች። ማንበብ ከቻለች ግን ሁለት ነገር ትጠይቃለች። "ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?" የሚለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ለእኅቱስ ለምን አልመጣም?" የሚለው ነው። እኛም ሁለቱን ጥያቄዎች በተራ እንመልስ።

የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። በአሜሪካ የግዳጅ ውትድርና በ1973 ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ወታደር የሚሆነው የፈለገ ብቻ ነው። ሆኖም ክፉ ቀን ቢመጣ መንግሥት ሊጠራቸው የሚችላቸውን ወጣቶች ስም የሚይዝ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሰለክቲቭ ሰርቪስ ይባላል። ሕጉ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ወንዶች፣ ዜጋም ቢሆኑ፣ ስደተኛም ቢሆኑ፣ ከጥቂቶች በስተቀር መዝገቡ ላይ እንዲሰፍሩ ያዛል። መመዝገብ መዝመት አይደለም። ነገር ግን ሳይመዘገብ 26 ዓመት የሞላው ሰው ከዚያ በኋላ ልመዝገብ ቢል አይችልም። ዜግነት ሲጠይቅም "ለምን አልተመዘገብክም?" የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። እንግዲህ አንድ ያልተነበበ ደብዳቤ ስንት ጣጣ እንደሚያመጣ ልብ በሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በ1980 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ተቋርጦ የነበረው ምዝገባ እንዲቀጥል ሲያደርጉ፣ ሴቶችም አብረው እንዲመዘገቡ የአገሪቱን ምክር ቤት ጠይቀው ነበር። ምክር ቤቱ ወንዶቹን ተቀብሎ ሴቶቹን ተወ። ነገሩ በክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1981 ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የወንዶች ብቻ ምዝገባ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱስ? ምዝገባው የሚያስፈልገው ለውጊያ የሚሰለፍ ሰው ለማግኘት ነው፤ ሴቶች ደግሞ ወደ ውጊያ እንዳይገቡ በሕግና በደንብ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ወንድና ሴት በዚህ ነገር እኩል አይደሉም የሚል ነበር።

ይህን ምክንያት በደብተራችሁ ጻፉት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ፍርዱ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶውም "ሴት አትዋጋም" የሚለው ደንብ ነው።

ታዲያ ምሰሶው ምን ሆነ? ጦርነት ራሱ አነቃነቀው። አሜሪካ ኢራቅ በዘመተች ጊዜ ሴቶች ወታደሮች በወረቀት ላይ ከእግረኛ ተዋጊ ክፍል ውጭ ነበሩ። የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ በወታደራዊ ፖሊስነት መንገድ ይጠብቁ ነበር። በመጋቢት 2005 አንድ የስንቅ ጭነት አጀብ በደፈጣ ተያዘ። አጀቡን ትጠብቅ የነበረችው የወታደራዊ ፖሊስ ባልደረባ ሊ አን ሄስተር ከጓዶቿ ጋር በጠላት ምሽግ ውስጥ ገብታ ተዋጋች። ለዚህም ሲልቨር ስታር የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ይህን ሜዳይ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ደንቡ "አትዋጋም" ይላል፤ ደፈጣ የጣለው ጠላት ግን ደንቡን አላነበበውም።

ከዚህ በኋላ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በ2013 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊዮን ፓኔታ ሴቶችን ከምድር ውጊያ የሚያግደውን ደንብ ሻሩ። በ2015 ሁለት ሴቶች፣ ክሪስተን ግሪስትና ሼ ሄቨር፣ ሬንጀር የተባለውን እጅግ አስቸጋሪ የጦር ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴትነት ጨረሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሌላው የመከላከያ ሚኒስትር አሽተን ካርተር ሁሉም የውጊያ ሥራዎች፣ እግረኛውም ታንከኛውም ኮማንዶውም ሳይቀር፣ መመዘኛውን ለሚያሟሉ ሴቶች ክፍት ይሁኑ ብለው ወሰኑ።

አሁን ወደ ምሰሶው እንመለስ። በ1981 ፍርዱን ያቆመው ምሰሶ በ2015 ተነቀለ። ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ አልወረደም። በ2019 በቴክሳስ ያለ አንድ የፌዴራል ዳኛ የወንዶች ብቻ ምዝገባ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዶ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2020 "የጠቅላይ ፍርድ ቤትን የቀድሞ ፍርድ ሊሽር የሚችለው ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው" ብሎ ውሳኔውን ሻረው። በ2021 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ፤ ሦስት ዳኞችም ምክር ቤቱ በነገሩ ላይ እየመከረ መሆኑን አመለከቱ። ምክር ቤቱ ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ2020 ሴቶችም ይመዝገቡ ሲል መክሮ ነበር። ሐሳቡ በ2016ም በ2021ም በሕግ ረቂቅ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ወጣ። ፍርድ ቤቱ ወደ ምክር ቤቱ ይጠቁማል፤ ምክር ቤቱ ነገ ይላል። የዚያች እናት ሴት ልጅ ከፈለገች ታንከኛ መሆን ትችላለች፤ ስሟ ግን በመዝገቡ ላይ የለም።

"ታዲያ ምን ጎደለባት? ሸክም ቀረላት እንጂ!" የሚል አይጠፋም። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንሸሸውም። ሸክሙ ግን አልቀረም፤ በወንድሟ ትከሻ ላይ ተደርቧል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለም? ደግሞም ይህ ምሕረት የሚመስል ነገር ዋጋ ያስከፍላል። ግዴታ የሌለበት ሰው በምክር ጊዜ ቃሉ ይቀላል። አገር "እንዝመት ወይስ እንታረቅ?" ብላ በምትመክርበት ቀን የሚዘምተው ሰው ቃል ይከብዳል። ሴቲቱ "ይህ ጦርነት ለምን?" ብላ ስትነሣ "አንቺን ምን አገባሽ? አትዘምቺ!" እንዳትባል ስሟ ከወንድሟ ስም ጎን መስፈር አለበት።

ሌላው ተቃውሞ የጉልበት ነው። "ሴት አቅም የላትም" ይባላል። እውነት ነው፣ በአማካይ ወንድ ከሴት ይበልጥ ከባድ ነገር ያነሣል። ነገር ግን ጦር ሠራዊት አማካይ ሰው አይቀጥርም። አንድን ሰው ያስጠራል፣ ይመዝናል፣ ከበቃ ይቀበላል፣ ካልበቃ ይመልሳል። ወንድ ሁሉ እግረኛ ወታደር አይሆንም፤ ሴት ሁሉም አትሆንም። መመዘኛው ለሴት ዝቅ ይበል አንልም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው መመዘኛ ለሁሉም አንድ ይሁን ነው የምንለው።

በዚህ ላይ ከእስራኤል አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በዚያ አገር በ1949 በወጣው ሕግ ሴቶችም ለውትድርና ይጠራሉ፤ የወለቃዋ ጎረቤታችን ልጅ መጥሪያ የመጣላት በዚህ ሕግ ነው። ያገባች፣ የወለደች ወይም በሃይማኖቷ ምክንያት የጠየቀች ከግዴታው ነፃ ትሆናለች፤ የአገልግሎቱም ጊዜ ለሴቶች ያጥራል። ለረጅም ዘመን ግን የተጠሩት ሴቶች ከውጊያ ሥራ ተገልለው ነበር። አሊስ ሚለር የተባለች ወጣት የአየር ኃይል አብራሪ ለመሆን ስትጠይቅ፣ ሴት በመሆኗ ለፈተናው እንኳ አትቀርቢም ተባለች። ክስ መሠረተች። በ1995 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ተፈተነችም። ውጤቱስ? ለአብራሪነት አልበቃችም። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ የተመዘነችው አሊስ ራሷ እንጂ ሴትነቷ አልነበረም። እሷ ባንኳኳችው በር ሌሎች ገብተው አብራሪ ሆነዋል፤ በ2000 ሕጉ ተሻሽሎ ሴቶች በማንኛውም የጦር ሥራ የማገልገል እኩል መብት እንዳላቸው ተደነገገ። በአንድ መለኪያ ተመዝኖ መውደቅም መብት ነው፤ ሳይመዘኑ መጣል ግን በደል ነው።

ሰሜን አውሮፓም እንዲሁ አድርጓል። የኖርዌይ ምክር ቤት በ2013 ተስማምቶ፣ ከ2015 ጀምሮ የውትድርና ግዴታ ለወንድም ለሴትም አንድ ሆነ። ስዊድን አቋርጣው የነበረውን የግዳጅ ውትድርና በ2017 እንደገና ስታውጅ ሁለቱንም ፆታ አካተተች። ዴንማርክም ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላቸውን ሴቶች በዕጣው ውስጥ አስገብታለች። በኖርዌይ ወንዱም ሴቷም ቅጽ ይሞላሉ፣ ይመረመራሉ፣ ከእነሱም ውስጥ የሚመለመሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ቤት ሁሉ ልጁን አላጣም፤ ቤት ሁሉ ግን ተጠይቋል።

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ እንግዳ ነው" የሚልም ይኖራል። እንግዳ ነውን? በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ አድዋ በተደረገው ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘምተዋል። መቀሌ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ከሚጠጣው ውሃ እንዲነጠል የማድረጉ ምክርም የእርሳቸው እንደነበረ ይነገራል። በኋላም በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በጠላት ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም በውስጥ አርበኝነት ታስረው፣ ተሰቃይተው፣ ወጥተውም ተዋግተዋል። በሌላ አገርም ብንሄድ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየት ኅብረት ጦር ውስጥ 800,000 ያህል ሴቶች አገልግለዋል። ከእነሱም መካከል አልሞ ተኳሿ ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ 309 የጠላት ወታደሮችን እንደጣለች ተመዝግቦላታል።

የእኛ ሰው "ሴት የላከው ሞት አይፈራም" ይላል። ተረቱ ሴትን ያከብራል፤ ግን ላኪ እንጂ ተላኪ አያደርጋትም። እነ ጣይቱ፣ እነ ከበደች፣ እነ ሸዋረገድ ግን ልከው ብቻ አልቀሩም፤ ራሳቸው ሄደዋል።

ይህን ካልን በኋላ ሌላውን ወገን ደብቀን ብናልፍ ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል። እኩልነት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ቅርባችን ያለችውን ኤርትራን እንመልከት። በነፃነት ትግሉ ዘመን ከታጋዮቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ተኩሰዋል፣ ቆስለዋል፣ ወድቀዋል። ከነፃነት በኋላ በ1995 የወጣው አዋጅ ወንድንም ሴትንም ለብሔራዊ አገልግሎት ይጠራል። በአዋጁ የተጻፈው ጊዜ አሥራ ስምንት ወር ነው። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ጊዜው ገደብ አጥቶ፣ ብዙ ወጣቶች ዓመታትን ፈጅተዋል፤ ብዙዎችም ይህንኑ ሸሽተው ተሰደዋል። በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሴቶች ምልምሎች በአለቆቻቸው የፆታ ጥቃት እንደሚደርስባቸው ዘግቧል። መዝገቡ እኩል ነው፤ ፍትሑ ግን የለም። ሁለቱንም እኩል የሚውጥ ጉድጓድ እኩል ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይባልም።

ስለዚህ "የሴት ልጅ ስም ይጻፍ" ስንል ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ እንላለን። አንደኛ፣ የአገልግሎቱ ጊዜ በሕግ የተወሰነ ይሁን፤ የተወሰነውም ይከበር። ሁለተኛ፣ መመዘኛው የሥራው ይሁን እንጂ የፆታ አይሁን፤ ሕፃን ወይም በሽተኛ የሚያስታምም ሰውም እናት ይሁን አባት እኩል ይታይ። ሦስተኛ፣ ወታደሯ ከጠላት ጥይት ሌላ የአለቃዋን እጅ እንዳትፈራ ጠንካራ ዳኝነት ይኑር። በአሜሪካም ቢሆን በ2021 መጨረሻ የወጣ ሕግ፣ በፆታ ጥቃት የተከሰሰ ወታደር ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን ውሳኔ ከጦር አዛዦች እጅ አውጥቶ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰጠው ከብዙ ዓመታት አቤቱታ በኋላ ነው። አቤቱታውን ይዘው የቆሙት በአብዛኛው ራሳቸው ያገለገሉ ሴቶች ናቸው። በመዝገብ የሰፈረ ሰው ይጠይቃል ያልነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንመለስ። በስልክ ሲገናኙ ምን የሚባባሉ ይመስላችኋል? አንደኛዋ "የእኔዋ ልትዘምት ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ" ትላለች። ሁለተኛዋ "የእኔዋ እንኳ አልተጠራችም፤ ወንድሟ ብቻ ነው" ትላለች። ሁለቱም እናቶች ናቸው፤ ሁለቱም ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን ማንም ሕግ አያጠፋውም። ነገር ግን የወንድ ልጅ እናት እንባ ከሴት ልጅ እናት እንባ አይቀልም። ልጅ ሁሉ እኩል ውድ ከሆነ፣ አገር ሁሉንም በአንድ መዝገብ ትጻፍ፤ ሁሉንም በአንድ መለኪያ ትለካ፤ ከዚያም ማናቸውንም ከመጥራቷ በፊት ደጋግማ ታስብ። የወንዱም የሴቷም እናት ከበር ቆማ "ለምን?" የምትል ከሆነ ጦርነት ለማወጅ የሚቸኩል ሹም ቁጥሩ ይቀንሳል።

እንግዲህ እናንተም፣ ውድ ተማሪዎች፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ከቁም ሣጥን ላይ አታኑሩት። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ነው። አንብቡት። የማን ስም እንዳለበት እዩ። የማን ስም እንደሌለበትም እዩ፤ ለምን እንደሌለም ጠይቁ።

የዛሬዎቹ ቃላት፦ መዝገብ፣ ግዴታ፣ መብት፣ መመዘኛ፣ ምልመላ። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ የቆመበት ምክንያት ምን ነበር? ያ ምክንያት ዛሬ አለ ወይስ የለም?

2. አሊስ ሚለር ፈተናውን ካላለፈች፣ ክሷ ምን ጠቀመ?

3. መዝገብ እኩል ሆኖ ፍትሕ ሊጎድል ይችላልን? ምሳሌ ስጡ።

4. በቤታችሁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ቢኖሩና ምርጫው የእናንተ ቢሆን፣ የማንን ስም ትጽፋላችሁ? መልሳችሁን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ የእሱንም አድምጡ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።